«ለልብ ሕክምና» የሚለው ወረቀት

አባቴ መታመሙን ለሰው አፍ አውጥቼ ለመናገር ስምንት ወር ፈጀብኝ። ከስምንቱ ሰባቱን የጨረስኩት ራሴን ለማሳመን ነው።

ዘመኑ የደርግ፣ ከተማው ናዝሬት ነው። ሠላሳ ዓመት ሊሞላኝ ትንሽ የቀረኝ የአራተኛ ክፍል አስተማሪ ነበርኩ። አላገባሁም፤ ወንድምም እህትም የለኝም፤ እናቴ በጨጓራ ሞተች ከተባለ ስድስት ዓመት አልፎታል። ቤቱ ውስጥ የቀረነው እኔና አባቴ ነን። አባቴ ሃያ ሰባት ዓመት የጭነት መኪና ሾፌር ነበር። ከናዝሬት ተነስቶ በሞጆ ያዞርና መቂን፣ ዝዋይን፣ ቡልቡላን አልፎ ሻሸመኔ ይገባል፤ እህልና ሽንኩርት ጭኖ ይመለሳል። ሰው «መንገዱን ዓይኑን ጨፍኖ ያውቀዋል» ሲለው «ዓይኑን የጨፈነ ሾፌር ዝዋይ ላይ የዓሣ ቀለብ ይሆናል እንጂ ሻሸመኔ አይደርስም» ይል ነበር። ተረበኛ ነበር፤ ዕድርተኛው ሁሉ አጠገቡ ለመቀመጥ ይሻማ ነበር።

ጡረታ በወጣ በሁለተኛው ዓመት፣ ክረምት ላይ፣ ተረቡ ቆመ። መጀመሪያ የድሮ ሾፌሮች ከሚሰበሰቡበት ጋራዥ ደጃፍ ቀረ። ቀጥሎ ሬዲዮኑን መክፈት ተወ። ከዚያ ጺሙን መላጨት። ከዚያ ከአልጋው አልወርድ አለ፤ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ይውላል። ምን ሆንክ ስለው «ልቤ ደክሟል» ይለኛል፤ አንዳንዴም «ልቤ ጠፋ»። ከዚህ ሌላ ቃል ከአፉ አይወጣም።

ሰው ሁሉ መልስ ነበረው። እርጅና ነው አሉ። ጡረታ ነው አሉ፤ መኪና የለመደ ሰው ቤት ሲውል እንዲህ ይሆናል አሉ። አንዷ ጎረቤታችን ቡዳ ነው አለች። ከሁሉ የሚበዙት ግን ምንም አላሉም፤ በዚያን ጊዜ ማን ደህና ነበርና። በመንደራችን ከሦስት ቤት አንዱ ልጁን ጦር ሜዳ ልኳል፤ ወሬ የሚጠብቅ ሰው ሁሉ ፊቱ ጠቁሯል። እንደዚያ ባለ ጊዜ ልጁ ያልዘመተበት፣ ጡረታው ያልተቋረጠበት አንድ ሽማግሌ ከአልጋ አልነሳም ቢል ማን ከቁም ነገር ይቆጥረዋል? እኔም አልቆጠርኩትም።

እውነቱን ልናገርና፣ ተናድጄበት ነበር። ጠዋት አንድ ፈረቃ፣ ከሰዓት ሌላ ፈረቃ አስተምራለሁ። አመሻሹ ላይ የቀበሌ ስብሰባ አለ፤ የቀረ ሰው ስሙ ይያዛል። እሑድ ጠዋት ለስኳር መሰለፍ ነው። ያ የናዝሬት ነፋስ አቧራውን ፊቴ ላይ እየበተነ ቤቴ ስደርስ፣ ከድኜለት የሄድኩት ምሳ እንደተከደነ አገኘዋለሁ። አንድ ቀን ሰሃኑን አንስቼ ጠረጴዛው ላይ ጣልኩትና ጮህኩበት። ተነስ አልኩት፤ እንደ ሰው ተነስና ፊትህን ታጠብ፤ እኔም እኮ ደክሞኛል፤ እኔንስ ማን ያንሳኝ አልኩት። ቀና ብሎ አየኝና «እውነትሽን ነው» አለ። ተመልሶም ተኛ። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ጸበልም ሞክረናል። ሰባት ጠዋት አብሬው ሄጄ ተጠመቀ፣ ጠጣም፤ ሰባቱንም ቀን እየተንቀጠቀጠ ተመልሶ ያው አልጋው ላይ ነው። የንስሐ አባታችን ራሳቸው አይተውት ጸበሉንም አታቋርጡ፣ ሐኪምም ይየው፣ ሁለቱንም የሰጠ አንድ እግዚአብሔር ነው አሉኝ። እሺ ብዬ ዝም አልኩ። ሐኪም ዘንድ ወስጄ ምን እላለሁ? አባቴ አዝኗል ልበል?

ዝምታዬን የሰበረው አንድ ማለዳ ነው። ሻይ ይዤለት ስገባ ነቅቶ አገኘሁት። «እንደምን አደርክ?» አልኩት።

«ዛሬ ባልነቃ ጥሩ ነበር» አለ።

ዛሬ ዝናብ ሳይጥል አይቀርም እንደሚል ሰው ነው የተናገረው፤ ድምፁ ውስጥ ምሬት እንኳን የለም። ብርጭቆውን አስቀምጬ አየሁት። ሱሪው ሰፍቶት ወገቡን በሲባጎ አስሯል። ያን ጊዜ ነው አባቴ እየሞተ መሆኑ የገባኝ፤ ሳይታመም ሳይቆስል ዓይኔ እያየ ሊሄድብኝ ነው። ፈራሁ። ከዚያ ወዲህ ትምህርት ቤት ስውል እንኳን ቤት ስገባ ምን አገኝ ይሆን እያልኩ ነበር።

በማግስቱ ጤና ጣቢያ ወሰድኩት። በሽተኛ የሚያየው የጤና ረዳት፣ ድሬሰሩ፣ ደህና ልጅ ነበር፤ ግን ኮሪደሩን የሞላ ሰው ይጠብቀዋል። «ምንዎን ነው የሚያምዎት አባት?» አለው። አባቴም «ልቤን» አለ።

እንግዲህ አማርኛችን ለዚህ ነገር ያለው ቃል ይኸው ነው። ደም የሚረጨውም ልብ ነው፤ የሚያስበውም፣ የሚፈራውም፣ የሚጠፋውም ያው ልብ ነው። አባቴ የሚጠፋውን ተናገረ፣ ድሬሰሩ የሚመታውን ሰማ። ሸሚዙን አስገልጦ ማዳመጫውን ደረቱ ላይ አደረገና ፈገግ አለ። የጎረምሳ ልብ ነው ያለዎት፣ ምንም የለዎትም ብሎ ቪታሚን ሰጥቶ ሸኘን።

ምንም የለህም መባል ለደህና ሰው የምሥራች ነው። አባቴ ግን እንደ ፍርድ ነው የተቀበለው። ምንም ከሌለኝ እንግዲህ ጥፋቱ የእኔው ነው፣ ስንፍና ነው ብሎ እንዳሰበ የነገረኝ ከብዙ ጊዜ በኋላ ነው። በዚያ ሳምንት ጭራሽ ውሃ መጠጣት ሁሉ ተወ።

ብቻዬን ወደ ድሬሰሩ ተመለስኩ። አንድ በአንድ ስነግረው ፊቱ ተለወጠ፤ በሩን ገፋ አድርጎ ዘጋው። ለእንዲህ ያለው የሚሆን ሐኪም አዲስ አበባ አለ፣ የሪፈር ወረቀት እጽፍልሻለሁ አለኝ። ብዕሩን ሲያሳርፍ በትከሻው በኩል አየሁ፤ «ለአእምሮ» የሚለውን ጀምሮታል። እጁን ያዝኩት።

ለምን እንደያዝኩት ልናገር። በዚያን ጊዜ ከከተማ ወጥቶ ለማደር ከቀበሌ የይለፍ ወረቀት ያስፈልጋል፤ በየኬላው ይጠየቃል። የእኛ ቀበሌ ጸሐፊ ደግሞ የጻፈውን ወረቀት ሁሉ ማኅተም ከማድረጉ በፊት ድምፁን ከፍ አድርጎ ያነባል። ስሕተት እንዳይኖር ነው ይላል፤ እኔ እንደማውቀው ግን ድምፁን ስለሚወድ ነው። ሰልፈኛው ሁሉ ይሰማል። ያንን ቃል ካነበበ በማግስቱ አባቴ ያበደው ሾፌር ነው፤ እኔም ልጁ ነኝ። የሚያሳፍረው በዚያው ሳምንት «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» ብዬ ጥቁር ሰሌዳ ላይ ጽፌ ለተማሪዎቼ ሳብራራ ሰንብቻለሁ።

«ታዲያ ምን ልጻፍ?» አለ ድሬሰሩ።

«እሱ ራሱ ልቤን ነው ያለህ። ልብ ብለህ ጻፍ» አልኩት።

ጥቂት አመነታ፤ ከዚያ ወረቀቱን ቀይሮ ጻፈ። ቀበሌ ስንሄድ ጸሐፊው እንደ ልማዱ ጉሮሮውን ጠርጎ «ለልብ ሕክምና ወደ አዲስ አበባ ስለሚሄዱ ትብብር እንዲደረግላቸው» እያለ አነበበው። ሰልፈኛው እግዜር ይማርዎት፣ እግዜር ይማርዎት አለ። የልብ በሽታ ክብር አለው። አባቴ አንድ ጊዜ ብቻ ዞር ብሎ አየኝ።

አውቶቡሱ ውስጥ ከሾፌሩ ኋላ ተቀመጥን። አባቴ ድሮ ተሳፋሪ ሆኖ ሲሄድ ቀኝ እግሩ አያርፍም ነበር፤ ኩርባ በመጣ ቁጥር የሌለውን ፍሬን ይረግጣል፤ እናቴ ትስቅበት ነበር። ያን ቀን ግን ሞጆንም ደብረ ዘይትንም ስናልፍ እግሩ ንቅንቅ አላለም። መስኮቱንም አላየ። ያረፍነው የእናቴ ዘመዶች ቤት ነው፤ ለእነሱም ልቡን ነው አልኳቸው። ውሸት አንዴ ከተጀመረ አብሮ ያድራል።

ሆስፒታሉም የተጻፈውን አይቶ የልብ ካርድ አወጣልን። የመጀመሪያውን ቀን ተሰልፈን ዋልን፣ ተራ አልደረሰንም። ሁለተኛውን ቀን ደግሞ እስከ ዘጠኝ ሰዓት አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጥን። አጠገባችን የነበሩት እግራቸው ያበጠ፣ ትንፋሽ ያጠራቸው፣ እውነተኛ የልብ ሕመምተኞች ናቸው። አባቴ ቦታውን እየለቀቀላቸው ይቆማል። እኔ ዓይኔን መሬት ላይ ተክዬ እውላለሁ።

ሲደርሰን ያየው ሐኪም ጎልማሳ ነው፤ እንቅልፍ ያላገኘ ሰው ይመስላል። ደረቱ ላይ ሽቦ ለጥፎ በመሣሪያ አየው፣ ወረቀቱን አነበበ፣ ከዚያም ልብዎ ደህና ነው አባቴ፣ እንዲያውም ከእኔ ይሻላል አለው። አባቴ ሸሚዙን ቀስ ብሎ ቆለፈ። ቆልፎ ሲጨርስ፣ በስምንት ወር ውስጥ ያልሰማሁትን ያህል በአንድ ጊዜ ተናገረ።

«ይህን ናዝሬትም ነግረውኛል ዶክተር። እኔ ሾፌር ነበርኩ። ፍሪሲዮን ሲበላ አይተው ያውቃሉ? ሞተሩ በአንድ ቁልፍ ይነሳል፤ ድምፁ ደህና ነው፤ ነዳጅም አለው። ማርሽ ታስገባለህ፣ ትረግጣለህ፣ ሞተሩ ይጮሃል፤ መኪናው ግን ካለበት አይንቀሳቀስም። እኔ እንደዚያ ሆኛለሁ። ሞተሬን አይዩት፤ ሞተሬ ድሮም ደህና ነው።»

ሐኪሙ ብዕሩን አስቀመጠ። ከመቼ ጀምሮ እንደሆነ ጠየቀው፤ ካለፈው ክረምት አለው። ታዲያ ወደ እኔ ማን ላከዎት ሲለው አባቴ ዝም አለ። አላጋለጠኝም። ፊቴ እየነደደ ቃሉን ያስቀየርኩት እኔ ነኝ አልኩ። ይቆጣኛል ብዬ ስጠብቅ «ሁለት ቀን ሙሉ እዚህ ተቀምጣችኋል» ብቻ አለኝ። ከቁጣ የባሰ ነው።

ከዚያ ወንበሩን ወደ አባቴ አስጠግቶ ነገረው። ይህ እርጅና አይደለም አለው፤ ስንፍናም አይደለም። ዕድሜያቸው የገፋ ብዙ ሰዎችን የሚይዝ፣ መድኃኒት ያለው ሕመም ነው፤ የሚያክሙት ግን ሌላ ቦታ ናቸው።

«ያበደ ሰው የሚሄድበት ነው?» አለ አባቴ።

«የታመመ ሰው የሚሄድበት ነው። እዚህስ ቢሆን ጉንፋን የያዘውም ሳንባው የታመመውም በአንድ በር አይደለም የሚገቡት?»

አባቴ አሰበ። እምቢ እንደሚል እርግጠኛ ነበርኩ፤ ልቤም፣ ያው ልብ ነው፣ ይደልቃል። ዞሮ አየኝና «ላልሆነው ሰልፍ ሁለት ቀን ከቆምኩ ለሚሆነውማ እቆማለሁ። ተነሺ» አለኝ።

በሦስተኛው ቀን ያየችው ሐኪም ሴት ነበረች። ምንም ነገር አላስገለጠችውም፤ ትጠይቀው ጀመር። እንቅልፍስ? ምግብስ? የሚብስብዎት ጠዋት ነው ማታ? ድሮ ደስ ይልዎት የነበረው ምንድን ነው? ሞትን ተመኝተው ያውቃሉ? አባቴ የሚጠይቀው ሰው ሲጠብቅ እንደኖረ ሁሉ አንድ በአንድ መለሰ። ስምንት ወር አብሬው አንድ ቤት ውስጥ ስኖር ከእነዚህ ጥያቄዎች አንዱን እንኳን ጠይቄው አላውቅም። ተነስ ነው እንጂ የምለው።

ሲጨርሱ መድኃኒቱን ለእኔ አስረዳችኝ። ቶሎ አይሠራም፣ ሳምንታት ይፈጃል፤ ተሻለኝ ብሎ እንዳያቋርጥ፤ በየሁለት ወሩ ይምጣ። ሽማግሌ ነውና አዲስ መድኃኒት ይጎዳዋል ብዬ ፈርቼ ጠየቅኋት። አይዞሽ፣ አዲስ አይደለም አለችኝ፤ ከንጉሡ ጊዜ ጀምሮ እዚህ ስናዝዘው የኖርነው ነው።

ተአምር የሚጠብቅ ሰው ካለ እዚህ ላይ ያቁም። የመጀመሪያውን ሳምንት አፌ ደረቀ እያለ ሲያጉረመርም ከረመ። ሦስተኛው ሳምንት ላይ ያው አልጋ፣ ያው ግድግዳ ነው፤ እኔም ተስፋ ቆርጬ ነበር። በአምስተኛው ሳምንት ምሳ ላይ ሽሮውን ቀምሶ ጨው በዝቶበታል አለኝ። ስምንት ወር ሙሉ ድንጋይ ባበስልለት አይለየውም ነበር። ጓዳ ገብቼ አለቀስኩ። ተመልሼ ስወጣ ግማሹን በልቶታል።

ለሁለተኛው ጉዞም ቀበሌ የሄድነው አብረን ነው። አሁን ግን እየዳነ ነበርና ልሂድ ያለው እሱ ራሱ ነው። ጸሐፊው ወንበሩ ላይ ተደላድሎ «ጋሼ፣ ልብዎ እንዴት ሆነ?» አለው።

«ልቤስ ድሮም ደህና ነበር» አለ አባቴ። «የታመመው አእምሮዬ ነው። የአእምሮ ሐኪም ናት የምታየኝ፤ እንደዚያው ብለህ ጻፍልኝ።»

ሰልፉ ጸጥ አለ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ እወድ ነበር። ጸሐፊው ጻፈ፤ ያን ቀን ግን ድምፁን ከፍ አድርጎ አላነበበም፤ ማኅተሙን መቶ ዝም ብሎ ሰጠን። ወሬው ከእኛ ቀድሞ መንደር ገባ። አንድ ተማሪዬ ከኋላዬ «የእብዱ ልጅ» ሲል ሰማሁት። ለአባቴ ስነግረው ሲደክማቸው ይተዉታል አለ። እንደ ድሮው ባይሆንም ትንሽ ተረብ ነበረበት።

ዐሥር ቀን ያህል ቆይቶ፣ አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በራችን ተንኳኳ። የአርሲ ሴት ናቸው፤ ገበያ ቅቤ የሚሸጡ፣ ዕድሜያቸው ከአባቴ የማይተናነስ፤ ያን ቀን ቀበሌ ሰልፉ ላይ ነበሩ። «አካም ኦልታን» ብለው በኦሮምኛ እንዴት እንደዋልን ጠይቀው ገቡና ሾፌሩን ለብቻቸው ላናግራቸው አሉ። አባቴ በርጩማ ሰጣቸው። እኔ ጓዳ ገባሁ፤ ግን ቤታችን ጠባብ ነው፣ ሁሉም ይሰማል።

አማርኛቸውን ከኦሮምኛ እየቀላቀሉ ተናገሩ። ጠዋት ሻሻቸውን ያነሱና የት ሊሄዱ እንደነበር ይጠፋቸዋል። የሚያውቁት ቤት የሰው ቤት ይመስላቸዋል። ቅቤውን ሲያነጥሩ እጃቸው ሳይደክም ልባቸው ይደክማል። ልጆቻቸው አርጅተሻል ይሏቸዋል። እርስዎ ያሉት ዓይነት ይሆን እንዴ ብለው ጠየቁት። አባቴም ሐኪሟ የጠየቀችውን በዚያው ተራ ጠየቃቸው። እንቅልፍስ? ምግብስ? የሚብስብዎት ጠዋት ነው ማታ? መጨረሻው ጥያቄ ላይ ሲደርስ ሴትዮዋ ድምፅ ሳያወጡ አለቀሱ። ይታከማል፣ እኔን ያዩኛል አይደል፣ አይፈሩ አላቸው። ሲወጡ እስከ በር ሸኛቸው።

ተመልሶ በርጩማው ላይ ተቀመጠ። ብዙ ቆየ። ሕመሙ ተመለሰበት ብዬ ደነገጥኩና አጠገቡ ሄድኩ።

«እናትሽም ይህንኑ ነበር የምትለኝ» አለ።

«ምኑን?» አልኩት።

«ከሻሸመኔ ስመለስ በር ላይ ቆማ ‹ልቤ የለም፣ ጠፍቶብኛል› ትለኛለች። እኔ ‹ቤት አለሽ፣ ልጅ አለሽ፣ ምን ጎደለሽ› እላታለሁ። ሽንኩርቱን አወርድላትና በነጋታው እሄዳለሁ።»

«እሷ እኮ ጨጓራ ነበረባት አባዬ» አልኩት።

«ሐኪም መች አያት። ጨጓራ ያልነው እኛ ነን።»

እውነቱን ነው። መብላት ስታቆም ጨጓራ ነው አልን፤ ስትከሳ ጨጓራ ነው አልን፤ ቀብረናት ስንመለስም ለለቀስተኛው ጨጓራ ነበር ያልነው። እኔ ያኔ ሕፃን አልነበርኩም። እኔም ብያለሁ።

«ያን ጊዜ ይኼ መድኃኒት ነበረ?» አለኝ።

«ከንጉሡ ጊዜ ጀምሮ» ያለችኝ የሐኪሟ ድምፅ ጆሮዬ ላይ ነው። «አልነበረም» አልኩት።

ረጅም ጊዜ አየኝ። ከዚያ «እንግዲያው ሴትዮዋ አይዘግዩ» አለ። «ሰኞ ጤና ጣቢያ ውሰጃቸው። ምን እንደሚጻፍም ቆመሽ እዪ።»

ማታ ውሃ ይዤለት ስሄድ ክኒኑን መዳፉ ላይ አድርጎ ያየዋል። አልዋጠውም፣ አላስቀመጠውም። ብርጭቆውን እንደያዝኩ ቆሜ ጠበቅኩት።